አምስቱ ድምፅ ማጉያዎችና የቡሬው ሐዘን ቤት

ሥራ ካቆምኩ በኋላም ሰው ቤት ስገባ እጄ ሳላዘው ግድግዳ ያንኳኳል። በእኛ አገር የጭቃ ግድግዳ ሚስማር አይዝም። ሚስማሩ እንዲጸና ከምርጊቱ ሥር ያለውን ቋሚ እንጨት ማግኘት ያስፈልጋል፤ እሱን በጣቴ አንጓ እየመታሁ እፈልገው ነበር። ባዶ ጭቃ ሲሆን ድምፁ ይፈዛል፤ እንጨቱ ላይ ሲደርስ ይጠነክራል። ልጆቼ ያፍሩብኛል። "እማ፣ ሰው ቤት እኮ ነው ያለነው" ይላሉ። እጄን ቀሚሴ ሥር እከተዋለሁ።

ሥራዬ ፍኖተ ሰላም ነበር። ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛና መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ፣ በየሰዉ ቤት እየሄድኩ ለኮምፒውተር የዙሪያ ድምፅ እዘረጋ ነበር። አምስት ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎችና ሰው ቤዝ የሚለው አንድ ትልቅ ሣጥን ይኖራል። ፊልም ሲከፈት የሰዎቹ ንግግር ከፊት፣ ዝናቡና የፈረሱ ኮቴ ከኋላ እንዲሰማ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አሁን ይህን የሚፈልግ ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ በስልኩ ያያል፤ ድምፅ ካስፈለገውም ሽቦ የሌለው ትንሽ ማጉያ ገዝቶ መስኮት ላይ ያስቀምጣል። እኔም ቀጭን ድምፅ መለየት አቅቶኛል። ለምን አቆምሽ ብለው ሲጠይቁኝ ጆሮዬ ደከመ እላለሁ። እውነት ነው። ያቆምኩት ግን ቡሬ ካለ አንድ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ ነው።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባለቤቴ ለቀን ሥራ ቆላ እንደወረደ ቀረ፤ ሞተ የሚልም ኖረ የሚልም ሰው አላገኘሁም። ሁለት ሴቶች ልጆች ይዤ ሥራ ስፈልግ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ተገኘ ጠራጊ አድርገው ቀጠሩኝ። ትንሿን ልጄን የሚይዝልኝ ስለሌለ ይዣት እገባ ነበር። የሱቁ ሶኬቶች ከወለሉ አጠገብ ናቸው። እነሱን ሳይ ላብ ላብ አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ገና ሳልጠርግ ሁሉንም በጨርቅ ወተፍኳቸው።

"ማነው ሶኬቴን በጨርቅ የጠቀጠቀው?" አሉ ጋሽ ተገኘ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። ልጅ አለችኝ፤ ጣቷን ብትከትበትስ?"

"መብራት ከሄደ እኮ ሦስተኛ ቀኑ ነው።"

"ይመጣላ ጋሼ።"

ሳቁ። "በዚህ ከተማ መብራት ይመጣል ብላ የምታምን አንድ ሰው አገኘሁ" አሉ። ቀጥለው ሳቃቸውን አቆሙና እንዲህ አሉኝ፤ "ከዚህ በፊት የማይፈሩ ሁለት ሠራተኞች ነበሩኝ። አንዱን መብራት ከመሰላል ላይ ጣለው፤ ዛሬም ያነክሳል። ሁለተኛው የሰው ጣራ አቃጠለብኝ። አንቺ ፈሪ ነሽ። መጥረጊያውን አስቀምጪና ወደዚህ ነይ።"

ሥራውን እንዲህ ጀመርኩት። ደመወዙ ልጆቼን ከነደብተራቸው አሳደገ፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጋሽ ተገኘ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ዜማ ጀምረው ሳይጨርሱ ወጥተው ነው ራዲዮ መጠገን የገቡት። ስለዚህ የሚያስተምሩኝ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ነበር። አምስቱን ማጉያዎች መሬት ላይ ደረደሩና፣ "ማኅሌት ሲቆም አይተሻል? ይኼ ቀኝ ጌታ፣ ይኼ ግራ ጌታ። መሃል ላይ መሪጌታው፤ የሚናገረው እሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከኋላ ቆመው የሚቀበሉ ናቸው። ትልቁ ሣጥን ከበሮው ነው፤ ከበሮ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ መደርደሪያ ላይ አይሰቀልም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተምታታብኝም።

የሽቦዎቹ ጫፎች ቀለም አላቸው። አረንጓዴው የፊቶቹ ነው፣ ጥቁሩ የኋላዎቹ፣ ብርቱካናማው የመሃሉና የከበሮው። ችግሩ ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ያሉት ሦስት ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ሮዝ። ጥቁሩን ሰማያዊው ውስጥ፣ ብርቱካናማውን ሮዙ ውስጥ መሰካት ነው። ግን ሮዙ ቀዳዳ የማይክራፎን ስለሆነ ኮምፒውተሩ ማይክራፎን የገባ ይመስለዋል። ስክሪኑ ላይ ምን ሰካህ የሚል መስኮት ይከፍታል። የሚለውን ማንበብ አልችልም ነበር፤ የሥዕሉን መልክ አጠናሁት። እዚያ ላይ የተሳሳተ እንደሆነ መሪጌታው ይዘጋል፤ ፊልሙ ውስጥ ሰውየው አፉን ያንቀሳቅሳል፣ የሚሰማው ግን ዝናቡ ብቻ ነው። "ሰው የሌለበት አገር አደረግሽው" ይሉኝ ነበር ጋሽ ተገኘ።

ሌላም አስተማሩኝ። ሽቦ ሲቀጠል ቀዩና ጥቁሩ የተገለበጠ እንደሆነ ማጉያዎቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ይህን ለማወቅ ድምፅ መክፈት አያስፈልግም። የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ድንጋይ ይያዝና የሽቦው ሁለት ጫፍ ይነካበታል። ማጉያው ፊት ላይ ያለው የሚርገበገብ ወረቀት ወደ ውጭ ከዘለለ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ከሰመጠ ተገልብጧል። ወረቀቱ ላይ ጣቴን ለኮፍ አድርጌ ያንን ትንሽ ዝላይ ስጠብቅ፣ ልጄ ሆዴ ውስጥ ስትንቀሳቀስ የምጠብቃትን ያስታውሰኝ ነበር።

ጋሽ ተገኘ የብረት ሣጥን ሲነኩ በእጃቸው ጀርባ ነበር የሚነኩት። "መብራት ከያዘሽ መዳፍ የነካውን አይለቅም" ይላሉ። ሥራ ሲጨርሱ ባለቤቱ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ዘፈን አይከፍቱም፤ የሰው ንግግር ነው የሚከፍቱት። "የሰው ድምፅ ከተስተካከለ ሌላው ይከተላል" ይላሉ። ከሁሉ አጥብቀው የያዙት ግን አንድ ልማድ ነበራቸው። መብራት ሲሄድ የቱንም ሥራ ጥለው ሄደው ከግድግዳው ይነቅላሉ። "መብራት ሲመጣ በር አያንኳኳም" ይሉኛል።

ሱቁ ቡሬ ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ በከፈተ ጊዜ ልጆቼን ይዤ ወደዚያ ተዛወርኩ። ቡሬ የእህል ነጋዴ ከተማ ናት፤ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው መኪና ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው። ገንዘብ ያገኘ ሰው ለልጆቹ ኮምፒውተር፣ ለእንግዳ ክፍሉ ድምፅ ይገዛ ነበር። አንድ የበቆሎ ነጋዴ አምስቱንም ማጉያዎች ከብርጭቆዎቹ ጋር ፊት ለፊት መደርደሪያ ላይ አስደረደሩኝ።

"ጋሼ፣ ሁለቱ እኮ ከኋላ ነው የሚሆኑት" አልኳቸው።

"ከኋላማ ማን ያያቸዋል? ዕቃ ገዝቼ ለጀርባዬ ላሳይ ነው?"

"የሚሰማ እንጂ የሚታይ አይደለም።"

"አንቺ ልጅ፣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ነው፤ የሚሰማው በኋላ ነው።" ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው፣ "እሳቸው ጥርሳቸውንም ፊት ለፊት የደረደሩት ለዚሁ ነው" አሉ። እንደወደዱት ደረደርኩላቸው።

የገጠር ሥራም ነበር። በጀኔሬተር የሚሠራ ቪዲዮ ቤት ገበያ መሃል እዘረጋ ነበር። ሽቦውን አይጥ ይበላዋል፣ ከላይ ጭስ ያጠቁረዋል። ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ካላሳለፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሌሎቹ በግማሽ ቀን የሚጨርሱትን እኔ ቀኑን ሙሉ እውልበታለሁ። የቅርንጫፉ ኃላፊ፣ ችኩል ሰው ነበር፣ "ይህች ሴት ሽቦ ትዘረጋለች ወይስ ትገንዛለች?" ይለኝ ነበር። እንደ መገነዝ ነው የማስረው፤ እውነቱን ነው። በየስንዝሩ አሥሬ፣ ጫፉን በናስትሮ ሦስት ዙር ጠምጥሜ ነው የምተወው።

ጋሽ ተገኘን ስኳር በሽታ ቀስ በቀስ ወሰዳቸው። መጀመሪያ ዓይናቸው ሄደ። ወደ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ሱቁን በያዝኩበት ጊዜ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ይጠግኑ ነበር። ከዚያ ጣታቸውም ደነዘዘ። አንድ ቀን ባትሪ ድንጋዩን አስነክቼ የማጉያውን ወረቀት እንዲዳስሱ ሰጠኋቸው።

"ዘለለ?" አሉኝ።

"ዘሏል ጋሼ።"

"አልተሰማኝም" አሉና ማጉያውን መለሱልኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሱቅ አልመጡም። በዚያው ክረምት ቀበርናቸው።

ከእሳቸው በኋላ ዕቃውም ተለወጠ። ድሮ ማጉያው የሚዞር ጆሮ ነበረው። ወደ ታች አዙረሽ ከዘጋሽው፣ መብራት ሄዶ ቢመጣም እንደተዘጋ ይቆያል። አዲሶቹ ግን በቁልፍና በሪሞት ነው የሚሠሩት። መብራት ሲቋረጥ የነበሩበትን ይረሱታል፤ ሲመጣ ከፋብሪካ እንደወጡ በትልቅ ድምፅ ይነሳሉ። አልወድዳቸውም ነበር። ዝምታውን የማይዝ ዕቃ ምን ያደርጋል?

የቡሬውን ሥራ ያመጣችልኝ ሙሉ የምትባል ወጣት ሴት ናት። ጥቁር ለብሳ ሱቅ ገባች። ታላቅ ወንድሟ ደሳለኝ ሞቷል። ቤታቸው ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል የሠርግ ቪዲዮ እየቆረጠና እየቀጠለ የሚኖር ልጅ ነበር። ትኩሳት ያዘው፣ ጸናበት፤ ወደ ባሕር ዳር ሊወስዱት ሲሉ መንገድ ተዘግቶ ነበር። መንገዱ እስኪከፈት ሲጠብቁ አለፈ።

"እናቴ ድምፁን እሰማለሁ ብላ ነው" አለችኝ። "ሊሞት ሰሞን መዝሙር ቀድቶ ነበር። ጨርሼ አሰማሻለሁ ብሏት ሳያሰማት ሄደ። ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ ስሙን አይቼዋለሁ። ማጉያዎቹን ግን ለቀስተኛ ነቃቅሎ ነው ያወጣቸው።"

"በስልክ አድርጌ ልስጥሽ? ይቀላል።"

"በስልክ አትሰማም፣ ጆሮዋ ደክሟል። ደግሞ እሱ እንደዘረጋው ይሁንልኝ ትላለች። አርባው እሑድ ነው። ከዚያ በፊት ድረሽልን።"

መንገዱን ፈራሁ። ልጆቼን ጎረቤት ጋ አስቀምጬ፣ ለታላቋ የት እንደምሄድ ሁለት ጊዜ አስደግሜያት፣ ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ወጣሁ። ዕቃዬን ጭኔ ላይ ይዤ እስክንደርስ እጸልይ ነበር።

ቤቱ ተዝካር በማሰናዳት ተጠምዷል። ግቢው ውስጥ ወንዶች እንጨት ይፈልጣሉ፣ ሴቶች እህል ያበጥራሉ። የደሳለኝ እናት እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንፊት ይዘው ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ሳያቸው ልጆቼን አሰብኩ። ተነስተው እጄን ያዙኝና ወደ ክፍሉ ወሰዱኝ።

"እሱ እንዳደረገው አድርጊልኝ" አሉ። "እኔ ጓዳ ሆኜ በግድግዳው በኩል ነበር የምሰማው። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ነበር የምንውለው፤ እሱ እዚህ፣ እኔ እዚያ።"

ክፍሉ ተዘርፎ የተተወ ይመስላል። ማጉያዎቹ በጆንያ ውስጥ አንድ ላይ ተጥለዋል። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጎረቤት ቀድሞ የሚያደርገው ራዲዮና ቴሌቪዥን መዝጋትና መሸፈን ነው። የደሳለኝን ግን መሸፈን አልበቃቸውም፤ ለለቀስተኛ ቦታ ለማስለቀቅ ሽቦዎቹን በቢላ ቆርጠው ነው ያወጧቸው። የተቆረጠውን ሽቦ ደግሞ የድንኳኑን አምፖል ሰቅለውበታል። ያ ሽቦ የድምፅ እንጂ የመብራት ኃይል የሚችል አይደለም። ድንኳኑ በለቀስተኛው ላይ አለመቃጠሉ ይገርመኛል። መጀመሪያ እሱን አወረድኩና በደኅና ሽቦ ተካሁላቸው።

ግድግዳውን ሳንኳኳ ግን ምንም መፈለግ አላስፈለገኝም። ልጁ የመታቸው ሚስማሮች እንዳሉ ናቸው፣ ሁሉም እንጨቱ ላይ ናቸው። ሥራ የሚያውቅ ልጅ ነበር። ሽቦውን ቀጠልኩ፣ ሰቀልኩ፣ በባትሪ ድንጋይ አንድ በአንድ ፈተንኩ። አምስቱም ዘለሉ። ሐዘን ቤት ውስጥ ድምፅ ሳያሰሙ መሥራት እንዴት ይመቻል።

በዚህ መሃል የእትዬ ጥሩወርቅ ወንድም ቄስ ይበልጣል ገቡ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

"ምንድን ነው የምትዘረጊው?"

"ድምፅ ነው አባ።"

"ዘፈን?"

"አይደለም አባ። የደሳለኝ መዝሙር ነው።"

"ዜማ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ጥሎኝ የሠርግ ቪዲዮ ቆራጭ ሆነ" አሉ። ተቆጥተው አልነበረም። ማጉያዎቹን እየዞሩ አዩአቸው። ጋሽ ተገኘ እንዳስተማሩኝ፣ ይኼ ቀኝ ጌታ ነው፣ ይኼ ግራ ጌታ ነው ብዬ አሳየኋቸው።

"መሪጌታውስ የትኛው ነው?"

"መሃል ያለው ነው አባ።"

"ይኼ? ከሁሉ ያነሰው?"

"ድምፁ ይበቃል አባ።"

"የእኛም ደብር መሪጌታ እንደዚሁ ናቸው" አሉና ትንሽ ፈገግ አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዘወር ብለው፣ "ስሚኝ ልጄ። እኅቴ አልቅሳ ስለለመነችኝ ነው የፈቀድኩት። ከዚህ ቤት አንዲት ዘፈን ከተሰማች ሁሉንም ሰብስቤ አወጣዋለሁ። ዓመቱ ሳይወጣ የሰፈር መተረቻ አላደርጋትም" አሉኝ።

"እሺ አባ" አልኩ።

ሦስቱን ጫፎች ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁ። ማጉያው አዲሱ ዓይነት ነበር፣ ባለቁልፉ። ስለዚህ መብራት እንደሰጠሁት በመጀመሪያ ድምፁን እስከ ታች ላወርድ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ላበራ አሰብኩ። ኮምፒውተሩም ማጉያውም የተሰኩበትን ማከፋፈያ ግድግዳው ላይ ሰክቼ እጄን ወደ ቁልፉ ስዘረጋ መብራት ሄደ። ወዲያው ነቀልኩት። ማከፋፈያውንም ጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረግኩት።

ሙሉ መጥታ እህል ቅመሺ አለችኝ። ሐዘን ቤት የቀረበልሽን አልበላም አይባልም። ድንኳኑ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጥኩ። ከበላሁ በኋላ ተነስቼ እጄን እየታጠብኩ ሳለ አንዱ፣ "መብራት መጣ!" አለ። መብራት ሲመጣ ምን እንደሚሆን የእኛ አገር ሰው ያውቃል። ሁሉም ስልኩን ይዞ ሶኬት ፍለጋ ይሮጣል፤ ተመልሶ ሳይሄድ የቻለውን ያህል መሙላት ነው። ሙሉም ሮጠች። የተነቀለ ማከፋፈያ አየች፣ ግድግዳው ላይ ሰካችው፣ ስልኳን ሰካችበት።

ደሳለኝ ኮምፒውተሩን መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ አድርጎት ነበር። መብራት በተቆራረጠ ቁጥር ሥራው እንዳይቆምበት ያደረገው ነው። ሲነሳም የመጨረሻውን ዘፈን ካቆመበት እንዲቀጥል አድርጎታል። ይህን ማን ያውቃል?

ሙሉ ስልኳን ሰክታ ወጥታ ነበር። እኔም እጄን እያደረቅኩ ወደ ክፍሉ መሄድ ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ የሠርግ ዘፈን፣ ከበሮውና ጭብጨባው፣ ከአምስቱም ማጉያ ወጣ። የቤቱ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አድርጌ ዘርግቼ አላውቅም፤ ከፊትም ከኋላም የጠራ ነበር። የፈላጮቹ መጥረቢያ አየር ላይ ቀረ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከሴቶቹ መሃል ተነሡ። ወንፊቱን እንደያዙ ወደ ክፍሉ በር ፈጠን ፈጠን ብለው ሄዱና፣ "ደሴ!" ብለው ጮኹ። "ደሴ፣ ቀንሰው! እንግዳ አለ!"

እሳቸው በሩን ገፋ አድርገው ከፈቱት። ባዶውን ወንበር አዩት። ከኋላቸው ደርሼ በጎናቸው ሾልኬ ገባሁና ማከፋፈያውን ነቀልኩት።

ከዚያ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ዋይታ አነሡ። ከአጥሩ ወዲያ የማን እንደሆነ ያላወቅሁት የሴት ድምፅ፣ "እንዴ! አርባው ሳይወጣ ድግስ ጀመሩ?" አለ።

ቄስ ይበልጣል መጡ። ሙሉ እግራቸው ላይ ወደቀች። "እኔ ነኝ አባ። ስልኬን ልሰካ ብዬ ነው። እሷ ነቅላው ነበር" አለች። አላዩአትም። የሚያዩት እኅታቸውን ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ የልጃቸው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ወንፊቱ ጭናቸው ላይ ነው።

አሁን ያስወጡታል ብዬ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ቄሱ ግን፣ "አብሪው" አሉኝ።

"አባ?"

"ዘፈኑን አገር ምድሩ ሰማ። መዝሙሩ ሳይሰማ ሊቀር ነው? የልጁ የመጨረሻ ስሙ ጭፈራ ሊሆን ነው? አብሪው ልጄ፤ መዝሙሩን ክፈቺው። እኔም ልስማው።"

ማከፋፈያውን ሰካሁ፣ ድምፁን በቁልፉ እስከ ታች አወረድኩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዘፈኑን ዘጋሁት። ሙሉ እንባዋን እየጠረገች ፋይሉን አሳየችኝ። ሴቶቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ማውሱን ይዤ ልጫነው ስል፣ "ተይው" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"እማ፣ መዝሙሩ ነው እኮ" አለች ሙሉ። "ስትለምኚ የከረምሽው።"

"አውቃለሁ።"

"ጥሩዬ" አሉ ቄሱ፣ "ይሰማ። ያጽናናሻል።"

"አባ፣ እኔ ሰምቼዋለሁ።"

"የሰማሽው ዘፈን ነው፤ እሱን አይደለም።"

"ቀንሰው ስለው ዝም ሲለኝ ሰማሁት" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፣ ሁላችንም ግን ሰማን። "ሁልጊዜ ቀንሰው እለው ነበር። እሺ እማ ይለኝና ይቀንሰዋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጨምረዋል፤ እኔም እደግመዋለሁ። ዛሬ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። እስከ ዛሬ ሞተ ሲሉኝ እሺ እል ነበር እንጂ አላመንኩም ነበር አባ። አንቱም ፍትሐት አድርሰውለት፣ አፈር ሲገባ አይቼ፣ አላመንኩም። አሁን መዝሙሩን ብትከፍቱልኝ ይዘምራል፤ ስጠራው ግን አይመልስም። ሁለተኛ አልችልም።"

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው የእኅታቸውን ግንባር ነኩበት፣ ከዚያ ሴቶቹን ይዘው ወጡ።

"አንቺ ግን አትሂጂ" አሉኝ እትዬ ጥሩወርቅ። "እንደነበረው አርጊልኝ ብዬሽ አደረግሽው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አሁን ደግሞ ፍቺልኝ። እነሱ እንዳያወጡት። በቢላ ነው የሚያወጡት።"

መብራቱን ከግድግዳው አስቀድሜ ነቀልኩ። የኋላዎቹን አወረድኩ፣ ከዚያ የፊቶቹን። ሽቦውን ከየሚስማሩ እየፈታሁ ስመጣ እሳቸው ሌላውን ጫፍ ያዙልኝ። ልክ ልቃቂት እንደሚጠመጥም ሰው በክንዳቸውና በመዳፋቸው መሃል እየጠመጠሙ፣ አንዱ ሲያልቅ አስረው አልጋው ላይ ያስቀምጡ ነበር። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ሁለት ናቸው አልኳቸው። "ስትጠሪያቸው ይመልሱልሻል?" አሉኝ። አንዳንዴ አይመልሱም፣ ሥራ ሲይዙ አይሰሙኝም አልኳቸው። "ደጋግመሽ ጥሪያቸው" አሉ።

ያን ቀን ከወጣሁ በኋላ ሰው ቤት ገብቼ የዘረጋሁት ድምፅ የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠርቼ ነበር፤ ቤቱ ደርሼ ማከፋፈያውን ግድግዳው ላይ ልሰካ ስል እጄ አልታዘዘኝም። የሱቁን ቁልፍ ለጋሽ ተገኘ ወራሾች መለስኩ።

ያን ቀን በመጨረሻ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ብርቱካናማውንና ጥቁሩን ነቅዬ የቀረው አረንጓዴው ብቻ ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ ከጀርባዬ ሆነው እጄን ያዩ ነበር።

"ቀስ ብለሽ ንቀይው" አሉኝ።

መብራት የለውም፤ ቀስ ማለቱ ለዕቃው የሚጠቅመው ነገር አልነበረም። ቀስ ብዬ ነቀልኩት።